በኃይሉ ልክ የተሞላ አሸዋ

መነሻ

ዓርብ ጠዋት ከኮለምበስ ተነስቼ ወደ ሰሜን፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር ወደምትገኘው ሳንደስኪ ከተማ ሄድኩ። የሄድኩት ወንበር ከላይ ወደ መሬት ሲጣል ለማየት ነው። ወንበሩ ሰው ወደ ጠፈር ለሚያወጣ መንኮራኩር የተሠራ ነው። መንኮራኩሩ የመንግሥት አይደለም፤ የአንድ የግል ኩባንያ ነው፤ እስካሁንም ሰው ጭኖ አያውቅም። ሰው ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱ ነገር ይፈተናል፤ ወንበሩም ከነሸክሙ ይጣላል። ሸክሙ ሰው አይደለም። በባሌ በኃይሉ ቁመትና ክብደት ልክ ከሸራ የተሰፋና አሸዋ የተሞላ ምስል ነው። እኔ የሄድኩት ለእሱ ነው።

ነገሩ ለሚያነበው ሰው እንግዳ ስለሚሆን ከመንገዱ በፊት ምክንያቱን ልናገር።

ኃይሉ ዎርዝንግተን አጠገብ ባለ አነስተኛ ወርክሾፕ ውስጥ በያጅ ነበር። ወርክሾፑ እነዚህን ወንበሮች ለትልቁ ኩባንያ ይሠራል። የመጀመሪያው ወንበር ሲያልቅ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶበት፣ እግሩን ወደ ላይ አጥፎ፣ ቀበቶው የት እንደሚያጠብቅ፣ ብረቱ የት እንደሚቆረቁር መናገር ነበረበት። መንኮራኩሩ ሲነሳ ሰዎቹ እንደዚያ ሆነው ነው የሚሄዱት። ግዙፍ ሰው ፈለጉ። ኃይሉ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ሰው ስለነበር ዕጣው ለእሱ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ደመወዝ እንደሚከፈለው እየነገረ ጓደኞቹን ያስቀናቸው ነበር። በኋላ ወንበሩን ከከፍታ መጣል ሲፈልጉ፣ ሰው አስቀምጦ መጣል አይቻልምና፣ ለመጀመሪያው ሙከራ በእሱ ልክ ሸራ ሰፍተው አሸዋ ሞሉበት። ስሙንም «ኃይሉ ቁጥር ሁለት» አሉት።

ማታ ቤት ሲገባ፣ «ከእንግዲህ አትስጊ፤ ብሞት እንኳ መለዋወጫ አለኝ» ይለኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ከሥራ ወጥቶ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር፤ ሞተሩን አላስነሳም።

ወርክሾፑ የደወለው ለእኔ አይደለም። ኃይሉ ሥራ ሲቀጠር፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ብሎ ያስመዘገበው ጋሼ ደምሴን ነው፤ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፣ ሂልቶፕ የሚባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ጋሼ ደምሴ ሁሉን እያወቁ «ኦቨርታይም ገብቷል፣ ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ ነው» ብለውኝ አደሩ፤ ንጋት ላይ የእድሩን ሰዎች አስከትለው በሬን አንኳኩ። ገና በሩን ስከፍት፣ ነጠላቸውን ሳይ አወቅሁ። ጮህኩ። ብዙም ሳልጮህ ፖሊስ መጣ። ጎረቤት ነው የደወለው፤ ሰው እየተገደለ መስሎት። ፖሊሱ ልጅ እግርና ጨዋ ነበር፤ ነገሩን ሲነግሩት ባርኔጣውን አወለቀ፤ አዝኛለሁም አለኝ። «ግን ማም፣ ግድግዳው ስስ ነው» አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቀረ።

አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ተላከ። እናቱ በሕይወት አሉ፤ ልጃቸው ደብረ ሲና ከአባቱ ጎን እንዲያርፍ ፈለጉ፤ እናትን ማን ይከለክላል? የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ገና በሂደት ላይ ስለነበር ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። እስከ ካርጎው በር ድረስ ሸኘሁት። ግንዛቱን አላየሁም። ፍትሐቱን በስልክ ሰማሁ፤ እሱም ይቆራረጥ ነበር። አፈር አላለበስኩም። ለቅሶ የሚደርሱ ሴቶች ሁሉ «እርምሽን አውጪ፣ ሰናይት፤ እርም ሳያወጡ መኖር አይሆንም» ይሉኛል። በምን ላይ ላውጣ? መቃብር የለኝም። መጮህ አልችልም።

ለቅሶ ከደረሱት መሐል ሊንዳ የምትባል የወርክሾፑ የፈተና ኃላፊ ነበረች። ኬክ ይዛ መጥታ፣ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገብቷት፣ ጭኗ ላይ አድርጋው ብዙ ቆየች። ስትወጣ ነው የነገረችኝ፤ «ምስሉ አሁንም በእሱ ልክ ነው። በመኸር እንጥለዋለን። ማየት ከፈለግሽ ነይ» አለችኝ። ያን ጊዜ ስድብ መሰለኝ። ከሳምንታት በኋላ ራሴ ኮል አደረግኩላትና እመጣለሁ አልኳት።

ከአፓርታማው እስከ ማሪየን

ልጄ ሜላት ሥራ ለመግባት ጫማዋን እያሰረች፣ «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ሳንድ» አለችኝ።

«አሸዋ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ዜን ዋይ አር ዩ ጎይንግ?»

ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ ማለቷ ነው። ሳመችኝና ወጣች።

ጋሼ ደምሴ ከሂልቶፕ መጥተው ታች ጠበቁኝ። ድሮ ኃይሉን ሊወስዱት ሲመጡ የመኪናቸውን ጥሩንባ ነፍተው ሰፈሩን ይበጠብጡ ነበር። አሁን ቴክስት ነው ያደረጉልኝ። ግቢው ውስጥ ቅጠል የሚያራግቡት ሠራተኞች ደርሰዋል። ማሽኑን በጀርባቸው አዝለው በቱቦ የሚነፉት ነገር አለ፤ ሲነሳ ቤት ውስጥ ሆኖ ስልክ ማናገር እንኳ አይቻልም። ጋሼ ደምሴ በመስኮት የሚሉትን አልሰማሁም። ሰዎቹ ማዶ ያለውን ብሎክ ጨርሰው የእኛን ለማግስቱ ትተው ነበርና ማሽኑ ጠፋ፤ ያኔ «ግቢ እንጂ! ሞተሩን እኮ ቤንዚን ነው የሚያስነሳው፣ ጸሎት አይደለም!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩትን ፌስታል አዩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሸሚዙ ነው።»

ቡናማ፣ ወፈር ያለ፣ ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ሸሚዝ ነው። ኢስተን የገበያ ማዕከል ውስጥ የልብስ ማስተካከያ ቤት እሠራለሁ፤ ሱሪ ማሳጠር፣ ወገብ ማስፋት፣ ዚፕ መቀየር። የዚህን ሸሚዝ ትከሻ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። በሱቅ ያለ ትከሻ ሁሉ ለኃይሉ ይጠበው ነበር።

«ልታለብሺው ነው?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ልብሱን ሳይለብስ እንዴት ይለቀስለታል?»

በእኛ በመንዝ ሰው ሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ካልመጣ ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀስለታል። ድሮማ ምስሉ ተሠርቶ፣ የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ ለቀስተኛው መሐል ይቆም ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ለጋሼ ደምሴ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ፈረንጆቹ ምን ይሉናል?»

«ምስሉን እኔ አልሠራሁትም። እነሱ ናቸው የሠሩት።»

«ይኸም አለ» ብለው መኪናውን አስነሱ።

አውራ ጎዳና 270ን ይዘን ወደ ምዕራብ ሄድንና በመንገድ ቁጥር 23 ወደ ሰሜን ታጠፍን። ዎርዝንግተን በግራችን ቀረች። ኃይሉ በየቀኑ የሚወጣበትን መውጫ ስናልፍ ጋሼ ደምሴ ሬዲዮ ከፈቱ፤ ወዲያው መልሰው ዘጉት። ደላዌር ከተማ ላይ የትራፊክ መብራቶቹ አንዱ ሲለቅ አንዱ ይይዘናል። ከዚያ በኋላ ከተማው አለቀ። በቆሎው ታጭዶ አገዳው ብቻ በረድፍ ቀርቷል፤ አኩሪ አተሩ ደርቆ ቡላ ሆኗል። ዛፉ ቀይና ቢጫ ነው። ሰዎች መንገድ ዳር መኪና አቁመው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ሜዳው ስፋቱ ብቻ ነው የታየኝ። እዚህ አንድ ሰው መሐል ቆሞ ቢጮህ ማን ይሰማዋል እያልኩ ነበር። ግን ያቁሙልኝ አላልኩም። ባዶ ሜዳ ላይ ለማን ይጮኻል?

ማሪየንን አልፈን በመንገድ ቁጥር 4 ስንሄድ ጋሼ ደምሴ ሳይዞሩ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «ሰናይት፣ ያን ዕለት ‹ራቱን አስቀምጬለታለሁ› ስትዪኝ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«ይተዉት ጋሼ።»

«ትቼዋለሁ» አሉ።

ቡሳይረስ፣ የጾም ምሳ

ቡሳይረስ በቋሊማ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። ፓርክ አድርገን ስንወርድ ጠቅላላ አደባባዩ የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። ጋሼ ደምሴ አፍንጫቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «በዓርብ ቀን! ሰይጣን ጂፒኤስ ላይ ገብቷል» አሉ።

አንዲት ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ሴት ናት።

ጋሼ ደምሴ በእንግሊዝኛቸው፣ «ሥጋ የሌለው፣ ወተት የሌለው፣ ቅቤ የሌለው፣ እንቁላል የሌለው ምን አላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ትንሽ አሰበችና «የኔ ማር፣ ውሃ አለን» አለች።

ጋሼ ደምሴ እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷም ሳቀች። በመጨረሻ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ደረቅ ዳቦና ወተት የሌለው ቡና አመጣችልን፤ የሁለታችን ከነጉርሻው ሃያ ዶላር አልሞላም። ጥቁር ነጠላዬን አይታ «ቀብር ልትሄዱ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። የፖም ቁራሽ በትንሽ ሰሃን ጨምራ አመጣችልኝ፤ ሒሳብ ውስጥ አላስገባችውም። ደግነቷን አየሁ፤ አፌ ግን ምንም አልቀመሰም። ከሞተ ወዲህ ምግብ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ይታኘካል፣ ይወርዳል።

ሳንደስኪ፣ የመጣያው ሜዳ

ወደ ሐይቁ ስንቀርብ ሰማዩ ዝቅ አለ፤ ነፋሱ እርጥብ ሆነ። ሐይቁ ግራጫ ነው፤ ዳርቻው አይታይም። ሊንዳ የነገረችን ቦታ ድሮ ፋብሪካ የነበረ፣ ወርክሾፑ ለፈተና የተከራየው ሰፊ አዳራሽና ከኋላው ያለ የኮንክሪት ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ረጅም የብረት ማማ ቆሟል።

ሊንዳ በር ላይ ተቀበለችን። የራስ ቁርና የዓይን መከላከያ መነጽር ሰጠችን። ጋሼ ደምሴ ቁሩን በቆባቸው ላይ ደረቡት። እኔ ነጠላዬን ከስር አስሬ ደፋሁት።

«እዚህ ነው» አለችኝ።

ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ወፍራም ግራጫ ሸራ ነው። ራስ አለው፤ ፊት የለውም። እጆቹ ከክርናቸው በታች ደፍጣጣ ናቸው። ደረቱ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ታስረው ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተዋል፤ ስንት ምት እንደደረሰበት የሚለኩት እነሱ ናቸው። ዙሪያውን ዞርኩት። ምንም አልተሰማኝም። ያን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው የመጣሁት? ሜላት ልክ ነበረች።

ከዚያ በራስጌው በኩል ቆሜ ወደ እግሩ አየሁ። አልጋችን ላይ ቀድሜው ስነሳ ሁልጊዜ የማየው በዚያ በኩል ነበር። ትከሻው ትከሻው ነበር። የግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ብየዳ የያዘበት ትከሻ ነው። የሰፋው ሰው ያንንም ሳይቀር ለክቶት ኖሯል። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ጋሼ ደምሴ ከኋላዬ «በስመ አብ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሸሚዙን ከፌስታሉ አወጣሁና ለሊንዳ አሳየኋት። ገባት። ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይቻልም፣ ሰናይት። እሱ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የተመዘነ ነው። አንድ ነገር ከጨመርን ልኬቱ ይበላሻል።»

«ሸሚዝ እኮ ነው!» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ስንት ሊመዝን ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አለች ሊንዳ። ከዚያ ሸሚዙን ተቀበለችኝ፤ አጣጥፋ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። የምስሉን ጎን ከፍታ በኩባያ አሸዋ ቀዳች፤ መዘነች፣ ጥቂት መለሰች፣ እንደገና መዘነች። የሸሚዙን ያህል አሸዋ ከእሱ ቀነሰችለት። «አሁን ልክ ነው» አለችኝ።

አለበስኩት። እጅጌው አስቸገረኝ፤ ኃይሉ ራሱ ክንዱን ይዘረጋልኝ ነበር። ሽቦዎቹን በቁልፎቹ መሐል አሳለፍኩ። የላይኛውን ቁልፍ አልቆለፍኩትም፤ አንገቱን ሲያንቀው አይወድም ነበር።

ወንበሩ ላይ በጀርባው አስተኝተው ቀበቶውን አጠበቁ። ወንበሩ አራት እግር አለው። መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ እግሮቹ እንደ መርፌ መድኃኒት መግፊያ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ምቱን እነሱ ይውጡታል፣ የሰውየው ወገብ ይተርፋል። ኃይሉ የበየደው እነዚህ እግሮች ከወንበሩ ጋር የሚገናኙበትን ነው። ይህን ሲነግረኝ አንድ ቀን ጉልበቴን ይዞ፣ «መገጣጠሚያው ነው ሁሉ ነገር» ብሎኝ ነበር።

ወንበሩን ከታሰረበት ክፍት የብረት ሳጥን ጋር ወደ ማማው ጫፍ ሳቡት። ከነጭ መስመር ኋላ እንድንቆም አደረጉን። ነፋሱ የሸሚዙን ጠርዝ ያርገበግባል፤ ከታች ሆኜ አየዋለሁ። ሊንዳ ለሁሉም እየተጣራች አረጋገጠች። ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ለቅሶዬን አዘጋጅቼ ነበር። ስሙን አፌ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ወደቀ።

ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም። ላይ ነበር፤ ታች ሆነ። ድምፁ በእግሬ ገብቶ ጥርሴ ላይ ደረሰ። ትንሽ አቧራ ተነሳ። ከዚያ ጸጥታ። ለካ እንደዚህ ነው፤ ልቡ ሲቆምም እንደዚህ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ቀና ብዬ ጋሼ ደምሴን ሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው በመዳፋቸው ፊታቸውን ይዘዋል። እኔ ደረቅ ሆኜ ቆሜአለሁ።

ሊንዳና ሠራተኞቿ ወደ ወንበሩ ሄዱ። አጎንብሰው አዩትና ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ ፎቶ አነሱ፤ አንዱ ሌላውን ትከሻውን መታው። ሦስቱ እግሮች ተሰብስበዋል፤ አራተኛው አልተሰበሰበም፤ እንደ ደረቀ ቆሟል። ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ተጠማዟል።

ሊንዳ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ላይ ደስታና ሐፍረት አብረው ነበሩ። «ይቅርታ፣ የተደሰትን መስለን ከሆነ» አለችኝ። «ይህን ዛሬ ማግኘታችን ጥሩ ነው። ሰው ተቀምጦበት ከምናገኘው።»

«እሱ የበየደው ነው?» አልኳት።

ዓይኔን አየችኝ። «አላውቅም። ወንበሩን እስክንፈታው ማንም አያውቅም። አልዋሽሽም።»

ይህን መልስ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ውሸት ብትነግረኝ እመርጥ ነበር ይሆን? ገና ማንም ላልተቀመጠበት ወንበር ስንት ሰው፣ ስንት ካሜራ፣ ስንት ሽቦ ተሰልፏል። እግሩ እንቢ ሲል ያወቀው አለ። እንደገና ይሠራል፣ እንደገና ይጣላል፣ እስኪሰበር ይፈተናል፤ የሚሄዱት ሰዎች እንዲመለሱ። የኃይሉን ልብ ማን ጣለው? ማን ፈተነው? እሱ አንድ ጊዜ ተሠራ፤ አንድ ጊዜ ቆመ። ከእሱ ስህተት የሚማር ሌላ ኃይሉ የለም።

መርፌውና ክሩ

ቀበቶው የግራ ትከሻውን ቀዶት ነበር። ሸሚዙ ተተርትሮ፣ ከስሩ ሸራው ተከፍቶ፣ አሸዋ ወደ እጅጌው፣ ወደ ኪሱ፣ ወደ መሬት ይፈሳል። ሌላ ወንበር ለሁለተኛ ሙከራ ተዘጋጅቶ ነበርና ሊንዳ ተጨነቀች። «የሚሰፋልን ሰው ኮለምበስ ነው ያለው» አለች።

«ሰፊዋማ እዚህ ቆማለች» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

ሊንዳ አየችኝ። እኔ ደግሞ እሱን አየሁ። ግንዛቱን አላየሁም ብያለሁ። «ክር አላችሁ?» አልኳት።

ከዕቃ ሳጥኗ ጎባጣ መርፌና በሰም የተለበጠ ወፍራም ክር አመጣች። የጣቴን ቆብ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ አስተኙልኝ። የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታሁና በቀስታ አወለቅሁለት። የሸራውን ሁለት ከንፈር አጋጥሜ ከአንገቱ ወደ ክንዱ ሰፋሁት፤ በድርብ፣ እንዳይለቅ። ሥራዬ ነው። ግን ክሩን ባጠበቅኩ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ የምሰፋው እንዲያርፍ አይደለም። እንደገና እንዲጥሉት ነው።

ስጨርስ መዘኑት። ጎደለ። መሬት ላይ ያለውን ጠርጌ ልመልስለት ብል ሊንዳ፣ «ከኮንክሪቱ ፍርፋሪ ጋር ተቀላቅሏል፤ አይሆንም» አለችኝ። ከሌላ ከረጢት አዲስ አሸዋ ቀድታ ሞላችለት። ሚዛኑ ልኩ ላይ ቆመ። ከኃይሉ የጎደለው በማያውቀው አሸዋ ተሞላ፤ ሚዛኑም ልዩነቱን አላወቀም።

«ሸሚዙን እናልብሰው?» አለችኝ። «ልክ እንደ ቅድሙ እመዝንልሻለሁ።»

«አይ። ይብቃው።»

ሸሚዙን ከነአሸዋው ጠቅልዬ ፌስታሉ ውስጥ አስገባሁት። ሊንዳ አቀፈችኝ፤ የራስ ቁራችን ተጋጨ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ጋሼ ደምሴ ቁልፉን ይዘው ቆዩ። ማስጠንቀቂያው ከአዳራሹ ኋላ ጮኸ። ሁለታችንም ጠበቅን። ድምፁ መጣ፤ እዚያ ድረስ መሬቱ ነዘረ። ያኔ ሞተሩን አስነሱ።

መመለሻ

ሜዳው ያው ሜዳ ነው። ቡሳይረስ ላይ አልቆምንም። አንድ ቦታ ላይ ጋሼ ደምሴ፣ «አለቀስሽ?» አሉኝ።

«አላለቀስኩም።»

«እኔ ያንቺንም ጨምሬ አለቀስኩ መሰለኝ» አሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬ ላይ አወረዱኝ። ሜላት ከሥራ አልተመለሰችም። ወደ ላይ ከመውጣቴ በፊት ከመስኮቴ ስር ካለችው ትንሽ ዛፍ ሄጄ ሸሚዙን ዘረጋሁት። ኪሱን ገለበጥኩ፣ እጅጌውን አራገፍኩ። አሸዋው ሣሩ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለት እፍኝ ያህል ነው። ለእሱ ማልበስ ያልደረሰኝን አንድ እፍኝ አፈር ዘግኜ በላዩ በተንኩና «አፈሩን ገለባ ያድርግልህ» አልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ሰው በረንዳው ላይ ነበር። መስቀል አላኖርኩም፤ ግቢው የአከራዩ ነው።

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው መንገዱ ያስተማረውን መናገር አለበት። እኔን ያስተማረኝ የሚያጽናና አይደለም። ለሚመጣው ሰው የሚጠነቀቁ ሰዎች እንዳሉ አየሁ፤ መልካም ሥራ ነው፤ እነዚያ የማላውቃቸው ሰዎች በሰላም ይመለሱ። ያለፈው ግን በልኩ ቢሰፋም፣ በክብደቱ ቢሞላም፣ ሸሚዙን ቢለብስም አይመጣም። ይህን ሳልሄድም አውቀው ነበር። ሄጄ በእጄ ነካሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሜላት ከወጣች በኋላ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። የቅጠል ማራገቢያዎቹ ወደ እኛ ብሎክ መጡ። አንዱ ሠራተኛ ማሽኑን አዝሎ ቱቦውን ወደ ዛፏ ስር አዞረ። አሸዋ መኖሩን አላየም፤ ቢያይስ ምን ብሎ ያስባል? ቅጠሉም፣ አሸዋውም አብሮ ተነስቶ ወደ መንገዱ ሄደ። ሣሩ ባዶ ሆነ። መስኮቱን መታሁ። አልሰማኝም። እኔም ራሴን አልሰማሁም።

ያኔ ነው ማንም እንደማይሰማኝ የገባኝ።

አፌን ከፈትኩና «ኃይሉ!» አልኩ። ወጣ። ከነሐሴ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ሁሉ ወጣ፤ ደረቴን እየመታሁ፣ «ኃይሉ የኔ ጌታ፣ ኃይሉ ያለ መቃብር» እያልኩ፣ ስሱን ግድግዳ ሳልፈራ ጮህኩ። የጎረቤቴ መጋረጃ አልተነቃነቀም።

ሰውየው ነዳጅ ሊጨምር ማሽኑን አጠፋው። ስሙ አፌ ላይ ግማሹ ቀረ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ጠበቅሁ። ሲያስነሳው የቀረውን ጨረስኩት።